መጀመሪያ ድልድዩን

ቦኖሻ በገበያ ቀን እንግዳዋን የምትቀበለው በማስነጠስ ነው። በርበሬው ከጆንያ ተዘርግፎ ሸራ ላይ ሲገላበጥ ቀይ ብናኙ ከመንገዱ አቧራ ጋር አብሮ ይነሳል። ሰው ከመኪና ሳይወርድ አፍንጫው የሻሾጎ ወረዳ ዋና ከተማ መድረሱን ያውቃል። ወረድ ብሎ የቦዮ ሐይቅና ረግረጉ አለ፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች በጭቃው ውስጥ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። እላይ ገበያው ውስጥ ግን ቀስ የሚል የለም። ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ጋሪው ይጋፋል፣ የስልክ ካርድ የሚሸጠው ልጅ ይጮኻል።

ከዚህ ሁሉ ሸሽቼ ሻይ ቤት ገባሁ። አንድ ወጣት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ስልኩን ደፍቶ አስተኝቶ ተቀምጧል። ሌላ ባዶ ወንበር ስላልነበረ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በጤና ተመርቆ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት እንደሆነው ነገረኝ። ዘመዱ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። ዛሬ ይደውላል ተብሏል፤ ከደወለ ነገሩ ይቆረጣል። «ነገሩ» ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። በዚህ አገር ስለዚህ ነገር የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ሙሉ እንግዳ አይደለሁም። በወጣትነቴ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። ያኔ ለተማሪዎቼ ቤተ መጻሕፍት እከፍታለሁ ብዬ መጻሕፍት ማሰባሰብ ጀምሬ ነበር። አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ተገኘና ሄድኩ። መጻሕፍቱ ዛሬም በሣጥን እንደታሸጉ ቤቴ አልጋ ሥር ናቸው። ባለቤቴ ስትጠርግ እግሯን በመታው ቁጥር የማን እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ «የትምህርት ቤቱ ነው» እላታለሁ። ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ልጆቼ አያውቁም።

ይህን ለወጣቱ እንደቀልድ አወራሁት። አልሳቀም።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «እስቲ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ይንገሩኝ። መጥቶ ቤት ሠርቶ፣ ሰርግ በልቶ የሚሄደውን አይደለም። እዚያ መኖር እየቻለ መጥቶ የቀረውን።»

ጥቂት አሰብኩና ስሟን ጠራሁለት። ቦጋለች ገብሬ።

«ዶክተር ቦጋለች? የከምባታዋ? የግርዛቷ ሴትዮ አይደለችም?»

ነች። ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ እንዲህ ያጥራል። ግን «የግርዛቷ ሴትዮ» የሚለው ስም የታሪኩን መሐል ይዞ መጀመሪያውን ይጥለዋል፤ ለዚያ ወጣት የሚጠቅመው ደግሞ መጀመሪያው ነበር። አንባቢ ይፍቀድልኝና አንቱታውን ትቼ ልንገረው። በአገሯ ብዙዎች ቦጌ ነበር የሚሏት፤ ታሪኩም የሚጀምረው አንቱ የሚላት ካልነበረ ጊዜ ነው።

ከምባታ ውስጥ ዛቶ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተወለደች። በዚያ ዘመን በከምባታ ለሴት ልጅ የተመደበላት ሥራ ግልጽ ነው፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እንሰት መፋቅ፣ ማግባት። ትምህርት የወንድ ነው። ቦጋለች ውኃ ልቅዳ ብላ ከቤት ትወጣና በድብቅ ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ትሮጥ ነበር። ከመንደሯ ሴቶች ልጆች ከአራተኛ ክፍል በላይ የተማረች የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያም አዲስ አበባ ለሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘች።

ከዚያ በፊት ግን፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ አካባቢ፣ ተገርዛለች። ብዙ ደም ፈሷት ለሞት ቀርባ እንደነበር በኋላ በተደጋጋሚ ተናግራለች። በከምባትኛ የድርጊቱ ስም ቆሻሻን ቆርጦ መጣል የሚል ስሜት አለው። አንዲት እህቷ በወሊድ ሞታለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዛ ነው ከመንደር የወጣችው። ያኔ ግን እንደ ጥያቄ አልያዘቻቸውም፤ ሁሉም ሴት ላይ የሚደርስ ነገር ጥያቄ አይሆንም።

መንገዷ ረጅም ነው፤ እኔ ላሳጥረው። ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ ተማረች። በፉልብራይት ስኮላርሺፕ ወደ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። በመጨረሻ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ፣ በኤፒዲሚዮሎጂ ለዶክትሬት መማር ጀመረች። በእነዚያ ዓመታት አገር ቤት የእሷ ትውልድ እየተበላ ነበር። «መሬት ላራሹ» ብሎ የወጣው፣ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት ስድሳ ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን አንዱ የሆነው፣ ከዚያ በቀይ ሽብር የሞተው፣ የታሰረው፣ በሱዳን በኩል የወጣው ትውልድ። ከዚያ ትውልድ በሕይወት ተርፎ አሜሪካ የገባው ብዙው ሰው የወጣትነት ሕልሙን እንዴት እንዳስቀመጠው የምናውቅ እናውቃለን። አንዳንዱ በፖለቲካ ስብሰባ ላይ ለሠላሳ ዓመት ተከራከረ። ሌላው ታክሲ እየነዳ ዝም አለ። ዝም ያለውን አልወቅስም።

ቦጋለች የመረጠችው ሌላ ነው። መጀመሪያ መጻሕፍት ላከች። እዚያው አሜሪካ እያለች ያቋቋመችው ትንሽ በጎ አድራጎት ማኅበር ለኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች 26,000 ዶላር የሚያወጡ የቴክኒክ መጻሕፍት አደረሰ። ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን ትሮጥ ነበር። ወጣቱ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ማራቶን? በስንት ዓመቷ?» አለ። ሠላሳን ካለፈች በኋላ ነው። የከምባታ ልጅ በሎስ አንጀለስ አስፋልት ላይ የምትሮጠው ለሜዳሊያ አልነበረም፤ ለኢትዮጵያ ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። ይህን ስነግረው የራሴን ሣጥን አስቤ ሻዬን ጠጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጓዟን ጠቅልላ ተመለሰች። ከእህቷ ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ድርጅት መሠረቱ፤ ስሙ በከምባትኛ ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ፣ የከምባታ ሴቶች ጉልበታቸውን አስተባብረው ለአንድ ሥራ ሲነሱ ማለት ነው። በአጭሩ ኬኤምጂ ይባላል፤ መቀመጫው ዱራሜ።

ዱራሜ ዛሬ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተማ ናት። ክልሉ ራሱ የተመሠረተው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው፤ ርዕሰ ከተማው ሆሳዕና። አሁን ዱራሜ ሆቴልና ባንክ አላት፤ ጎብኚ የአምበሪቾን ተራራ 777 ደረጃ ለመውጣት ይመጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) ግን ከአሜሪካ ተነስቶ ለመኖር ወደ ዱራሜ የሚመጣ ሰው ጤነኛነቱ ያጠራጥር ነበር። ወደዚህ የሚመጣ አልነበረም፤ ከዚህ የሚሄድ እንጂ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከየገጠር ቀበሌው ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ መፍለስ ጀመረ። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት በዚያ ዓመት ሆሳዕና ላይ የሰበከ አንድ የውጭ ሰባኪ እግዚአብሔር ወደ ደቡብ በር እንደሚከፍት ተናገረ የሚባል ወሬ ተነዛ፤ ትንቢቱ ይሁን ደላላው በሩን የከፈተው፣ ሰው ሄደ። በሞያሌ ኬንያ፣ ከኬንያ ታንዛኒያ፣ ከዚያ በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነግሯል። ይህን ለወጣቱ ማስታወስ አላስፈለገኝም። ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ስልኩን ገልብጦ አየና መልሶ አስተኛው።

«ታዲያ መጥታ ምን አደረገች? ግርዛት ይቁም አለች?»

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠኝ።

ቦጋለች ስትመጣ በአእምሮዋ ያለው ነገር ግልጽ ነበር፤ የሴት ልጅ አካል፣ ኤችአይቪ፣ ጠለፋ። ሳይንሱን ታውቃለች፣ ቁስሉንም ታውቃለች። የአካባቢውን ሰው ሰብስባ ስለ ኤችአይቪ መናገር ጀመረች። ሽማግሌዎቹ አዳመጧት። ከዚያ ያሉት ነገር ከታሪኳ ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ነው፤ መጀመሪያ ድልድይ ያስፈልገናል አሉ። ወንዙ ሲሞላ ልጆች ትምህርት ቤት አይደርሱም፣ ነጋዴው ገበያ አይደርስም። ድልድዩን ከሠራሽልን በኋላ እንነጋገራለን።

አንድ ሰው ከሎስ አንጀለስ መጥቶ፣ ለሃያ ዓመት ያሰበበትን ጉዳይ ይዞ ቆሞ፣ ስለ ድልድይ ሲነገረው ምን ይሰማዋል? እኔ ብሆን እናደዳለሁ። «እናንተ ልጆቻችሁ እየሞቱ...» ብዬ እጀምራለሁ። አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በጎ አሳቢ እንዲህ ይጀምርና በሦስተኛው ዓመት «ሕዝቡ አልገባውም» የሚል ሪፖርት ጽፎ ይሄዳል። ቦጋለች ድልድዩን ሠራች። ከእሷ ጥቂት ገንዘብ፣ ከአካባቢው ሰው ጉልበትና እንጨት ወጣ፤ ድልድዩ ቆመ፤ ከዚያ ንግግሩ ተጀመረ።

ይህን ብልሃት ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ብልሃትም ነበረው፤ ድልድይ ያሠራ ሰው ይደመጣል። ግን ከዚያ ያለፈ ነገር ይመስለኛል። የወጣትነት ሕልም ሲበስል የሚለወጠው መጠኑ አይደለም፤ የሚለወጠው የማን እንደሆነ ነው። በሃያ ዓመታችን «እኔ ለሕዝቤ አንድ ነገር አደርጋለሁ» እንላለን፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «እኔ» አለ፣ «አደርጋለሁ» አለ፣ ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። ያ ሕልም ብዙ ጊዜ የሚሞተው በክፋት አይደለም፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ ስለማይቀበል ነው። በ1967ቱ ዘመቻ ወደ ገጠር የወረደው ተማሪ ገበሬው ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቅ በፊት ያውቅ ነበር። ቦጋለች የዚያው ትውልድ ልጅ ነች፤ የተለየችው ስትጠየቅ ቆማ በመስማቷ ነው።

ድልድዩ ከቆመ በኋላ የመጣው ዘዴ በአማርኛ የማኅበረሰብ ውይይት ይባላል። ዛሬ ቃሉ በየቢሮው ስላረጀ አንባቢ ሊያዛጋ ይችላል፤ ያኔ አዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ ሐላባ ነበር፤ ከቦኖሻ ጎረቤት፣ በርበሬዋም ከሻሾጎ በርበሬ ጋር የምትፎካከረው ሐላባ። ሥራውን የያዘው ኬኤምጂ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሃምሳ ያህል ሰዎች፣ ሴትም ወንድም፣ ሽማግሌም ወጣትም፣ በየጊዜው ይሰበሰባሉ። አወያዮቹ ትምህርት አይሰጡም፤ ይጠይቃሉ። ሚስት ስትሞት ልጆቹን ማን ያሳድጋል? ባሏ የሞተባትን ሴት የባል ወንድም ሲወርሳት ምን ይከተላል? ስንት ሴቶች በወሊድ ሞቱብን? ግርዛት የሚነሳው በአወያዩ አይደለም፤ ከራሳቸው መሐል አንዱ ሲያነሳው ነው። አንዳንድ ቦታ ለዚያ ወራት ፈጅቷል።

እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው ዋናውን ነገር የሚያየው ከንግግሩ በፊት ነው። ሴቶቹ መጀመሪያ ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዷ ደፍራ ስትናገር ባሏ ያቀረቅራል። በአምስተኛው፣ በስድስተኛው ስብሰባ ግን ከባሎቹ አንዱ እናቱ ስትወልድ እንዴት እንደሞተች ይናገራል። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ውጭ ልውጣ፤ ምክንያቱም ለምን ይህ እንደሠራ የሚገልጸው ነገር ከቻይና ነው የመጣው።

ቻይናውያን ለአንድ ሺህ ዓመት ገደማ የሴት ልጆችን እግር በጨርቅ እያሰሩ ያሳንሱ ነበር። እናቶች ሕመሙን ያውቁታል፤ በእነሱም ደርሷል። ግን እግሯ ያልታሰረ ልጅ ባል አታገኝም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ብቻውን ቢተው የሚጎዳው ልጁን ነው፤ ስለዚህ ማንም አይተውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በተለይ ሻንግሃይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1895 ከተቋቋመው ማኅበር ወዲህ፣ ወላጆች በቡድን መማል ጀመሩ፤ የሴት ልጄን እግር አላስርም፣ ወንድ ልጄንም እግሯ ለታሰረ አልድርም። በአንድ ትውልድ ውስጥ ልማዱ ፈራረሰ። ጄሪ ማኪ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ የግርዛትም ቋጠሮ ይኸው ነው አለ፤ የጋብቻ ገበያ ነው። እምነት ብቻ ቢሆን በስብከት ይፈታ ነበር። ድንቁርና ብቻ ቢሆን በትምህርት። ግን ማንም ብቻውን ሊወጣው የማይችል ስምምነት ነው፤ ስለዚህ አብረው ብቻ ይወጡታል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሐምሌ 1997 እ.ኤ.አ.፣ ሴኔጋል ውስጥ ማሊኩንዳ ባምባራ የምትባል መንደር ሴቶች ግርዛትን መተዋቸውን በአደባባይ አወጁ። ቦጋለች ድርጅቷን የመሠረተችበት ዓመት ነው።

ወደ ከምባታ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያ አካባቢ አንድ ሰርግ ተደረገ። ሙሽሪት ያልተገረዘች መሆኗን በአደባባይ ተናግራ፣ ሙሽራው ያልተገረዘች በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን ጽፎ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው የተጋቡት። ሚዜዎቹ ያልተገረዙ ልጃገረዶች ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተገኘ። ይህን ዜና በውጭ ጋዜጣ ያነበበ ፈረንጅ እንደ ትዕይንት ያየው ይሆናል። የእኛ ሰው ግን ሰርግ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰርግ ላይ የተባለ ነገር ሁሉም የሰማው ነገር ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦበታል፣ ተበልቶበታል፣ ተመርቋል። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም የሚለው ነገር በዚያ ቀን ውሸት ሆነ። ከማኪ ጽሑፍ ይልቅ ያ ሰርግ ይበልጣል፤ ማኪም የሚስማማ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የእድርም ሆነ። በአንዳንድ ቀበሌ ሰው ተሰብስቦ ልጁን ያስገረዘ እንዲገለል ራሱ ደንብ አወጣ። የመንግሥት ሕግም መጣ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 የሴት ልጅ ግርዛትን ከሦስት ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ያስቀጣል፤ ጠለፋን ደግሞ በአንቀጽ 587 ከሦስት እስከ አሥር ዓመት። ግን ሕጉ ሲመጣ እዚህ መንገዱ ተጠርጎ ነበር፤ ሕግ ብቻውን የደረሰባቸው ቦታዎች ግን ግርዛቱን ከቀን ወደ ሌሊት አዛወሩት።

ቁጥሩን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ጥርጣሬዬን። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ባካሄደው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በኬኤምጂ አካባቢ ከተጠየቁት ከመቶ 97ቱ ግርዛትን ይደግፉ ነበር፤ በ2008 ደጋፊው ከመቶ 5 በታች ሆነ። ለአሥር ዓመት ሥራ ይህ የማይታመን ለውጥ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 65ቱ ተገርዘው ተገኝተዋል፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ግን ከመቶ 47ቱ። ጥርጣሬዬ ይኸው፤ ሰው በእድር ደንብ ሲከለከል ለጠያቂ «ትተናል» ማለት ይቀለዋል። ደጋፊ መሆንና ማድረግም አንድ አይደሉም። እኔ ግን በገበያው የማያቸው ሴቶች ልጆች ተማሪዎች ናቸው፤ ደብተር ይዘዋል፣ ይስቃሉ። ይህን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ሥራ ያለ ውጭ ገንዘብ አልሠራም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከገቢያቸው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በጾታ እኩልነትና በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ እስከ 2011 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። ድልድይ መሥራት ይፈቀዳል፣ ስለ መብት መናገር ግን አይፈቀድም ማለት ነው። ቦጋለች ከድልድዩ የጀመረችበት ምክንያት ሌላ ነበር፤ ሕጉ ግን በኋላ የእሷን ቅደም ተከተል ወደ ቀልድ ቀየረው።

ሽልማቱ ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓ ምክር ቤት የሰሜን ደቡብ ሽልማት፣ በ2007 የጆናታን ማን ሽልማት፣ በ2013 ብራስልስ ላይ የንጉሥ ቦዱዋን የልማት ሽልማት። ወጣቱ ለዚህ ክፍል ጆሮ አልሰጠም። ትክክል ነው፤ ሽልማት ከሰው ሥራ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ነው።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።

«ሎስ አንጀለስ?» አለ ወጣቱ። ፊቱ ተለወጠ። «ተመለሰች ብለውኝ?»

ተመልሳ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርታለች፤ ሰው የሚሞትበትን ቦታ አይመርጥም፤ አልኩት። አላጽናናውም። የሚፈልገው ታሪክ ሙሉ በሙሉ የተመለሰ ሰው ታሪክ ነበር፤ እዚህ የኖረ፣ እዚህ የሞተ፣ አንድም ቀን ያልተጸጸተ። እንደዚያ ያለ ሰው የለም። እሷ ስለ ኑሮዋ ምን እንደተጸጸተች አላውቅም፤ ግን ጓዟን ስትጠቀልል የአሜሪካ ኑሮዋን ትታ እንደመጣች ይታወቃል። መንገዷ ከዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ ተቃራኒ ነበር፤ ሁሉም ሲሄድ እሷ መጣች። ያን መንገድ ለሁሉም አልመክርም። ለዚህ ልጅም አልመከርኩትም። ሥራ ላጣ የጤና ባለሙያ «ሕልምህን ፈልግ» ማለት ነውር ነው፤ እሱ ሕልሙን አላጣም፣ ያጣው ቅጥር ነው።

የነገርኩት ሌላ ነገር ነው። እሷ በወጣትነቷ ያየችውን ጉዳይ መልሳ ያገኘችው በሎስ አንጀለስ ሩጫ ላይ አልነበረም፤ ያኔ ያገኘችው መጽሐፍ መላክን ነው። ያገኘችው ሽማግሌዎቹ ድልድይ ሲሉ ነው። ሕልሙ ያኔ የእሷ ብቻ መሆኑ ቀረ። ይህን ስናገር ራሴን ሰማሁት፤ ስለ ሣጥኑ ማሰቤን አላቆምኩም ነበር። ለሃያ ዓመት ያቀድኩት ስለ መጻሕፍቱ ነው። ትምህርት ቤቱን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

የወጣቱ ስልክ ጮኸ። ተነስቶ በር ላይ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ በሐዲይኛ ረጅም ጊዜ አወራ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። የሻይ ሒሳቡን ልከፍል ስል ቀደመኝ። «እንግዳ ነዎት፣» አለ። ምን እንደተባለ አልጠየቅሁትም፤ ያን ያህል እንግዳ አይደለሁም።

ከቦኖሻ ከመነሳቴ በፊት የቀድሞ ባልደረባዬን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት ያስተምራል። ካወቀኝ በኋላ በደንብ ተሳሳቅን። ስለ ሣጥኑ ነገርኩት፤ መጻሕፍቱን ላመጣ አስቤያለሁ አልኩት።

«መጽሐፉን ቆይ፣» አለኝ። «የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር የለውም። ልጃገረዶቹ ወር ሲመጣባቸው ይቀራሉ።»

በሩን ሆሳዕና ብረታ ብረት ቤት አዝዣለሁ። ልኩን ባልደረባዬ በሜትር ወስዶ ልኮልኛል፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ።